ባዶ ንክኪ

ሥራሽ ምንድን ነው ሲሉኝ የሰው እግር መንካት ነው እላለሁ። «የፊዚዮሎጂ ላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ» ካልኩ ወይ ደም የምቀዳ ይመስላቸዋል፣ ወይ የሽንት ምርመራ ውጤታቸውን ከቦርሳ አውጥተው አንብቢልን ይሉኛል። ከደምም ከሽንትም ጋር ጉዳይ የለኝም። የምይዘው የእስክሪብቶ ቁመት ያለው እጀታ ነው፤ ጫፉ ላይ አንዲት አጭር የናይሎን ክር ተተክላለች። ክሯን የሰውየው ውስጥ እግር ላይ አቁሜ እስክትጎብጥ እጫናለሁ። ስትጎብጥ ሁልጊዜ እኩል ጫና እንድታሳርፍ ሆና ስለተሠራች የእኔ እጅ ቢከብድም ቢቀልም ለውጥ የለውም። ሰውየው ዓይኑን ጨፍኗል። «ይሰማዎታል?» እላለሁ። አዎ ካለ ቅጹ ላይ «ይሰማዋል» ብዬ እጽፋለሁ፤ የለም ካለ «አይሰማውም»። ሥራው ይኸው ነው።

ከሰው በፊት አይጦች ላይ ነበርኩ፤ አሁንም ግማሽ ቀኔ እዚያው ነው። ነጫጭ አይጦች ናቸው። ከፊሎቹ ጤነኞች፣ ከፊሎቹ ደግሞ ስኳር እንዲይዛቸው የተደረጉ። አንዷን አነሣና ሞቅ ያለ የብረት ሳህን ላይ አስቀምጣለሁ፤ እግሯን አንሥታ እስክትልስ ድረስ ሰዓት እይዛለሁ። ጤነኛዋ ቶሎ ታነሣለች። ስኳር የያዛት ትዘገያለች። አንዳንዷማ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆማ ጢሟን ታወዛውዛለች። ለእንዲህ ያለችው ደንብ አለን፤ የተወሰነው ሰከንድ ሲሞላ፣ ተሰማትም አልተሰማት፣ ከብረቱ ላይ ትነሣለች። አለመሰማቷ ቆዳዋን ከመቃጠል አያድነውም። ደንቡን ጽፌ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩት እኔ ነኝ።

ያደግሁት ፒያሳ አጠገብ፣ ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ነው፤ እዚያ ቅጽል ስም ሳይወጣለት ያደገ ሰው አላውቅም። ይህን ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ «አይጥ ቀቃይ» ይሉኛል። አንዳንዱ በአክብሮት ነው የሚለው፣ «ደህና አደርሽ አይጥ ቀቃይ»። አልቀየምም። እኔ በቀላሉ የምቀየም ሰው አይደለሁም፤ በቀላሉ የምደሰትም አይደለሁም።

አለቃዬ ዶክተር ናት፣ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አትበልጥም። እሷ የምትመራመረው ነርቭ ከጫፉ ለምን እንደሚሞት ነው። እግር ድረስ የሚወርደው ነርቭ ዋና ቤቱ ወገብ አጠገብ ነው። ከዚያ እስከ አውራ ጣት ድረስ ስንቁን በአንዲት ቀጭን መንገድ ይልካል። ስኳር ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ሲበዛ መንገዱ ይበላሻል፤ ቀድሞ የሚራበው ሩቅ ያለው ጫፍ ነው። እግር ይደነዝዛል፣ ቆይቶ ጣት ይከተላል። ይህን ያህሉ ከታወቀ ቆይቷል። አሁን በየአገሩ ያሉ ተመራማሪዎች የሚሟገቱበት፣ ያ ወደኋላ የተሰበሰበ ጫፍ ተመልሶ ማደግ ይችል እንደሆነ ነው። ዶክተሯ ይችላል ከሚሉት ወገን ናት። ነገር ግን ተመልሶ አደገ ለማለት መጀመሪያ ማን ምን ያህል እንደደነዘዘ ማወቅ አለብን፤ ስለዚህ «ልኬት፣ ልኬት» ስትል ትውላለች።

«የአንቺ ሰፈር ስኳር ያለበት ሰው አይጠፋም፣ አይደል?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ሞልቷል» አልኳት።

የሰፈራችን ግማሽ ፈርሷል። ሰው ወደ ከተማው ዳርቻ፣ ኮንዶሚኒየም ገብቷል። ዕድሩ ግን አልፈረሰም። በየወሩ መጨረሻ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከየዳርቻው ታክሲ እየቀያየሩ ይመጣሉ፤ ድንኳኑና ትልልቆቹ ድስቶች የሚቀመጡበት መጋዘን ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተደርድረው ይቀመጣሉ፣ ስም ይጠራል፣ ይጨቃጨቃሉ፣ ይሸኛኛሉ። የዕድሩን ዳኛ አስፈቀድን። በመጋዘኑ ውስጥ ድስቶቹን ወደ ጥግ ገፋ ገፋ አድርገን ሁለት ወንበር አስቀመጥን፤ አንዱ የእኔ፣ አንዱ የዶክተሯ። ስኳር ያለበት ሁሉ ፈቃደኛ ከሆነ ጫማውን አውልቆ ይገባል። ለሁሉም ቀድመን የነገርናቸው አንድ ነገር ነበር፤ እግሩ የማይሰማው ሰው ከተገኘ የእግር ክሊኒክ ይላካል፣ ከእሳት አጠገብ እንዳይሠራም ይመከራል።

መጀመሪያ የገቡት በልጅነቴ ጸጉሬን ይሠሩኝ የነበሩ የድሮ ጎረቤታችን ናቸው። «ምነው ልጄ፣ አይጦቹ አለቁብሽ እንዴ?» ብለው ተቀመጡ። ውጭ ያሉት ሳቁ። ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ተንበርክኬ ክሯን አውራ ጣታቸው ሥር አሳረፍኩ።

«ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል የኔ ልጅ፣ እግዜር ይስጥሽ።»

ተረከዛቸውን ነካሁ። «ይሰማኛል፣ ተባረኪ።» ትንሿን ጣት ነካሁ። «ይሰማኛል፣ ክፉ አይንካሽ።» ለአንዲት ክር ያን ያህል ምርቃት ሲወርድ ሰምቼ አላውቅም። ከእሳቸው በኋላ የገቡትም እንደዚያው ናቸው። የነካናቸው ሁሉ ተሰማቸው።

የዚያን እሁድ ከመጡት አንዱ አባቴ ነው።

አባቴ ወርቅ ሠሪ ነው። ፒያሳ ከወርቅ ቤቶቹ በአንደኛው፣ ደንበኛ ከሚያየው መስታወት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጦ በጋዝ እሳት ሲያቀልጥና ሲበይድ ነው ያረጀው። እናቴ ከሞተች በኋላ ዓመት በዓልም ሳይቀር እዚያ መዋል ጀምሯል። ስኳሩ የቆየ ነው፤ ኪኒኑን ይውጣል፣ ስለ በሽታው ግን አያወራም። ያለቀ ቀለበት ልስላሴውን የሚያየው ድሮ በአውራ ጣቱ ነበር። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን የታችኛው ከንፈሩ ላይ ሲያሽከረክረው አየዋለሁ። ለምን እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ሰው ሰፈሩ ውስጥ የለም። አይቼ ዝም አልኩ።

ጠዋት ወደ ዕድሩ አብረን እየሄድን ነበር። «ልኬቱ ላይ» አለኝ፣ «እግሩ የማይሰማው ሰው ከሥራ ይከለከላል አሉ።»

«አይከለከልም፤ ከእሳት ራቅ ይባላል እንጂ።»

«ለወርቅ ሠሪ ያው ነው» አለ። ትንሽ ሄድንና፣ «ባለቤቱም ዛሬ ዕድር ይመጣል» አለኝ። ባለቤቱ ያለው የወርቅ ቤቱን ጌታ ነው፤ የዕድራችን አባል ነው።

ዶክተሯ ደግሞ ቀድማ፣ «አባትሽ ሲመጡ በእኔ በኩል ይሁኑ፤ የራስሽን ሰው አትለኪ» ብላኝ ነበር። አባቴ ግን ሲገባ ቀጥ ብሎ የእኔ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «የተማረች ሴት እግሬ ሥር ተንበርክካ ላያት ነው?» አለ ቀስ ብሎ። ሐኪም እግሩን እንዲይዝለት ማድረግ ለእሱ ነውር ነው፣ ልጁ ብትይዘው ግን ግድ የለም። ዶክተሯ ጀርባዋን ሰጥታ ሌላ ሰው ትለካ ነበር። ተነሥ አላልኩትም።

ቤት ውስጥ አንተ ነው የምለው። ነጭ ጋዋን ስለለበስኩ ነው መሰለኝ፣ «ዓይንዎን ይጨፍኑ» አልኩት። «እሺ ዶክተር» አለ፤ በሩ አጠገብ ያሉት ሳቁ። ከሳቁት መካከል የወርቅ ቤቱ ባለቤት አለበት፤ እሱም ስኳር አለበትና ተራውን እየጠበቀ ነው።

አውራ ጣቱን ነካሁ። «ይሰማዎታል?» «አዎ።» ሥሩን ነካሁ። «አዎ።» ተረከዙን። «አዎ።» መልሱ ክሯን አልፎ ጥያቄዬን ተከትሎ እንደሚመጣ ገባኝ። እጄን ሳብኩና ጉልበቴ ላይ አሳረፍኩት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ያኔ የሥራችን ደንብ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም።

«ይሰማዎታል?» አልኩት፣ ሳልነካው።

«አዎ» አለ አባቴ።

ደገምኩት። አሁንም እጄ ጉልበቴ ላይ ነው። «አዎ» አለ፣ ፈገግ ብሎ። ባለቤቱን አየሁት፤ እሱም እኛን እያየ ነው። እስክሪብቶዬን አነሣሁና በሁሉም ቦታ «ይሰማዋል» ብዬ ጻፍኩ። ምን ተሰማሽ ብትሉኝ፣ ምንም። አንድ ነገር ሊሰማኝ ይገባ እንደነበር ግን አውቅ ነበር። «ጨርሰዋል፣ ጫማዎን ያድርጉ» አልኩት፤ ካልሲውን ሲያደርግ ከጣቶቹ አንዷ ታጥፋ ገብታ ነበር፣ እሱ አላወቀም፣ እኔ አስተካከልኩለት።

ሐሙስ ዕለት ዶክተሯ ቅጾቹን ጠረጴዛዋ ላይ ዘርግታ ጠራችኝ። «ከዚህ ሁሉ ሰው አንድም የደነዘዘ የለም» አለች። «ስኳር ይዟቸው ስንት ዓመት ያለፋቸው ሰዎች ናቸው። ተአምር ነው ወይስ አበላሽተናል?»

«አበላሽተናል» አልኳት። የድሮ ጎረቤታችን ጋ ስልክ ደወልኩና በድምፅ ማጉያው አደረግሁት። እውነቱን እንዲነግሩኝ ለመንኳቸው። «ታዲያ ልጄ፣» አሉ፣ «ያን ሁሉ ዕቃ ተሸክመሽ መጥተሽ፣ ተንበርክከሽ እግሬን ይዘሽ፣ እንዴት ብዬ አይሰማኝም እልሻለሁ? ሰው አይደለሁም?»

እኔ ልስቅ ነበር፤ ዶክተሯ ግን አልሳቀችም። ይሉኝታ ምን እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እዚሁ ነው ያደገችው፤ ግን ከናይሎን ክር ጋር አገናኝታው አታውቅም። ብዙ አሰበችና፣ «አዎ ወይም የለም የሚያስብል ጥያቄ አንጠይቅም» አለች። «አንድ ብለሽ ትቆያለሽ፣ ሁለት ብለሽ ትቆያለሽ። በአንደኛው ብቻ ትነኪያለሽ። ከዚያ የቱ ላይ ነው የነካሁዎት ብለሽ ጠይቂ። እንዲህ ሲሆን ደስ ሊያሰኙሽ ቢፈልጉ እንኳ የቱን እንደምትፈልጊ አያውቁም።»

ሠራ። በሚቀጥለው ወር እሁድ ያው መጋዘን፣ ያው ድስቶች መካከል፣ ጎረቤታችን ግንባራቸውን ቋጥረው፣ «አንድ... ኧረ ሁለት... ኧረ እንጃ ልጄ» አሉ። ያን ዕለት እንጃ ያላለ የለም ማለት ይቻላል። ብዙዎቹ እግራቸው ከደነዘዘ ቆይቷል፤ የማያውቁትም ነበሩበት። እየጻፍን የእግር ክሊኒክ ላክናቸው። ጫማ ከማጥለቃችሁ በፊት እጃችሁን ከትታችሁ ፈትሹ፣ ማታ ማታ ውስጥ እግራችሁን በመስታወት እዩ፣ እሳት አትጠጉ አልናቸው። የወርቅ ቤቱ ባለቤት ራሱ ተልኳል።

አባቴ አልነበረም። ቅዳሜ ዕለት ቤት ውስጥ፣ «ነገ የሚለኩት የባለፈው የተበላሸባቸው ናቸው፤ የአንተ ደህና ነው፣ አትምጣ» ብዬው ነበር። «ጎበዝ» አለኝና ጋዜጣውን ገለጠ። ቀለል ብሎት እንደነበር ከአስተያየቱ አወቅሁ።

«አባትሽስ?» አለች ዶክተሯ።

«የሱ ደህና ነበር።»

«የሁሉም ደህና ነበር እኮ።»

«ሥራ በዝቶበት ነው። ከፋሲካ በኋላ አይደል፣ የሠርግ ቀለበት ነው ሰሞኑን።» ይህ ሐሰት አልነበረም። ለሚቀጥለው ወር ይምጡ ብላ ስሙ አጠገብ ምልክት አደረገች። በሚቀጥለውም ወር ሌላ ምክንያት ሰጠኋት። መጀመሪያ ለጻፍኩት ሰበብ ነበረኝ፤ ሰው እያየን ነበር። ለዚህኛው የለኝም። እግሩ እንደማይሰማው አውቃለሁ፣ እግሩ ሥር እሳት እንዳለ አውቃለሁ፣ እንጀራዬን የማገኘውም ከደነዘዙ እግሮች ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ላቦራቶሪ ሳለሁ ተደወለልኝ። ባለቤቱ ነው። የሰሜን ሰው ነው፣ ሲደነግጥ ትግርኛ ይቀላቅላል። «ጓለይ» አለኝ፤ ልጄ ማለቱ ነው። «የሚቃጠል ነገር ይሸተናል። አባትሽ ጋ ነው። ጫማህን አውልቅ ብንለው ምንም አልሆንኩም ብሎ ሥራውን ይሠራል። እስቲ ነይ።»

መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ታክሲው ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ አወረደኝ። ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። አልሮጥኩም። ለምን እንዳልሮጥኩ ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ፤ የማገኘውን አስቀድሜ ስላወቅሁት ይመስለኛል። በመንገዱ ላይ ሰው ሰላም አለኝ፣ ሰላም አልኩ። አንድ ኬክ ቤት በር ላይ ሰልፍ ነበር፣ ይቅርታ ብዬ በመካከላቸው አለፍኩ።

አባቴ ዝቅ ባለችው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ የሙሽራ ቀለበት ይዟል። «አንቺ ደግሞ ምን አስመጣሽ?» አለኝ። ተንበረከክሁና የቀኝ ጫማውን ፈታሁ። ሲበይድ የተፈናጠረች የቀለጠ ወርቅ ጠብታ በጫማው ክር መካከል ገብታለች። ካልሲውን በስታዋለች። ካልሲው ከቆዳው ጋር ተጣብቋል። ስስበው ትንሽዬ የወርቅ ፍሬ ወለሉ ላይ ወደቀች።

ሁላችንም እግሩን ስናይ አባቴ ፍሬዋን አየ። የወርቅ ቤት ወለል ጥራጊ እንኳ አይደፋም፣ ተሰብስቦ ይቀመጣል። ወረንጦውን አነሣ፣ ጎንበስ ብሎ ፍሬዋን ለቀማት፣ አገላብጦ አያትና በትንሿ ቆርቆሮ ውስጥ አስቀመጣት። «የደንበኛ ናት» አለ።

ከዚያ የሁላችንንም ፊት አየ። ባለቤቱ እጁን አፉ ላይ አድርጓል። አባቴ እንዳናዝን ብሎ ነው መሰለኝ፣ «ቅድም ትንሽ ሞቅ ብሎኝ ነበር» አለ።

ቁስሉ አልድን አለ። መጀመሪያ ሁለት ጣት ቆረጡ፣ ከሳምንታት በኋላ የእግሩን ግማሽ። በእነዚያ ሳምንታት አንድም ቀን ከሥራ አልቀረሁም። ጠዋት ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ ከዚያ ላቦራቶሪ፣ ማታ ሆስፒታል። ሰው ሲያገኘኝ «አይዞሽ» ይለኛል፣ «እሺ» እላለሁ። አላለቀስኩም። ማልቀስ ያለበት ሰው ሌላ ቦታ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ የኔ ድርሻ ፎጣና ሾርባ ማመላለስ ነበር። ባለቤቱ ብርቱካን ይዞ መጣ፣ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ፣ አባቴ አጽናናው። በኋላ ወንበሩ ላይ ሌላ ሠራተኛ አስቀመጠ። ምን ያድርግ፣ የሠርግ ሰሞን ነው።

አንድ ጠዋት አይጥ እየለካሁ ነበር። አልተሰማትም፤ ብረቱ ላይ ቆማ ታሸታለች። ሰከንዱ ሲሞላ እጄ በራሱ ሄዶ አነሣት። ይህን ሺህ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ያን ቀን ግን አይጧን እንደያዝኩ ቆምኩ። እሷን የሚያነሣ እጅ ነበረ፤ ለአባቴ የነበረው እጅም ይኸው ነው፣ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኩት። እንዲህ ብዬ አሰብኩ፣ አይጧን መለስኩ፣ ሰከንዱን ጻፍኩ፣ የሚቀጥለውን አወጣሁ።

አባቴ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ከገባ በኋላ ፋሻውን የምቀይረው እኔ ነኝ። ደጃፉ ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ እኔ በርጩማ ላይ ተቀምጬ እግሩን ጭኔ ላይ አደርጋለሁ። ነርሷ ያሳየችኝን ሳላዛንፍ እሠራለሁ። አንድ ቅዳሜ ፋሻውን ጠቅልዬ ስጨርስ፣ ሳላቅደው ከአፌ ወጣ።

«አባዬ፣ ያን ቀን መጋዘኑ ውስጥ ሳልነካህ አዎ ብለኸኛል።»

«አውቃለሁ» አለ።

«እንዴት ታውቃለህ? ዓይንህን ጨፍነህ ነበር። እግርህ ደግሞ አይሰማህም።»

«ትንፋሽሽ ነዋ። ስትነኪ በአፍንጫሽ ትተነፍሻለሽ፣ በሩ አጠገብ ተራዬን ስጠብቅ፣ ሰውን ሁሉ ስትለኪ እሰማሽ ነበር። ሁለት ጊዜ ትንፋሽሽ ጠፋ። ልጄ ጨነቃት አልኩ።» እግሩን ከጭኔ ላይ ቀስ ብሎ አወረደ። «የለም ብልሽ ምን ትጽፊ ነበር፣ ያ ሁሉ ሰው እያየሽ?»

«ለእኔ ብለህ ነው አዎ ያልከው?»

«ለሥራዬም ነው፣ አልዋሽሽም። ግን ያን ሰዓት ለአንቺ ነበር።»

ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። የጻፍሽው አንቺ ነሽ፣ አትምጣ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፣ እግሬን ያስቆረጥሽኝ አንቺ ነሽ ቢለኝ፣ ቢያንስ የት እንደተመታሁ አውቅ ነበር። እሱ ግን ያዝንልኛል። ይህን ስነግረው እንኳ፣ እንዳልተጨነቅሁ ለማረጋገጥ ፊቴን ያያል።

«ዕቃሽ አለ?» አለኝ።

ክሯ ቦርሳዬ ውስጥ ነበረች። አወጣሁ። የደህናውን የግራ እግር ጫማ አወለቅሁለት። ዓይኑን ጨፈነ። «አንድ» አልኩ፣ ቆየሁ። «ሁለት» አልኩ፣ ነካሁት። «የቱ ላይ ነው?»

ለማስደሰት የሚሆን መልስ እየፈለገ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ፊቱ ላይ ይታያል። አላገኘም።

«እንጃ» አለ።

ተረከዙን። «እንጃ።» የትንሿን ጣት ሥር። «እንጃ ልጄ።» ዓይኑን ገለጠና፣ «በቃ፣ ጻፊው» አለኝ።

ሰኞ ጠዋት ለዶክተሯ ሁሉንም ነገርኳት። ባዶውን ንክኪ፣ «አትምጣ» ማለቴን፣ የሠርግ ሰሞን ያልኳትን። ቆሜ ነው የነገርኳት፤ እሷም ተቀመጪ አላለችኝም። ከሥራ ታባርረኝ ይሆን ብዬ አልፈራሁም፣ አልተመኘሁምም። ስጨርስ ተነሥታ ቁምሳጥኑን ከፈተችና የአባቴን ቅጽ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። ስለ እኔ ወደፊት እንነጋገራለን አለች። መጀመሪያ ይህ ይስተካከል።

«አዲስ ቅጽ ልሙላ?» አልኳት።

«አይቻልም» አለች። «እዚያው ላይ ነው።»

ይህንንማ እኔ ራሴ ለአዲስ ሠራተኞች አስተምራለሁ። የምርምር ቅጽ አይቀደድም። ስሕተት አይፋቅም፣ በነጭ ቀለም አይሸፈንም፣ እስኪጠቁር አይሰረዝም። አንድ ቀጭን መስመር ይሰመርበታል፣ ትክክለኛው ከላዩ ይጻፋል፣ ያረመው ሰው ይፈርማል፣ ቀን ያሰፍራል። የተሳሳተው ምን እንደነበረ፣ ማን እንደጻፈው፣ በኋላ የሚመጣ ሰው ሁሉ ማየት አለበት።

ማስመሪያ ሰጠችኝ። እያንዳንዱ «ይሰማዋል» ላይ አንድ አንድ መስመር አሰመርኩ። ከላያቸው «አይሰማውም» ብዬ ጻፍኩ። መስመሮቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ፈረምኩ፣ ቀኑን ጻፍኩ። ከመስመሮቹ ሥር ያለው የእጅ ጽሕፈቴ አንድ ፊደል ሳይጠፋ ይነበባል።